ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ ሶፍትዌር ከተጫነ በኋላ ስለሚበላሽ የፓዝ መስመር

መግቢያ

ከአራት ኪሎ፣ ከአምስት ኪሎና ከስድስት ኪሎ ግቢዎች ላፕቶፑን ይዞ ወደ ፒያሳ የሚወርድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት የጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ሲገባ፣ ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። መልሱ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ ቫይረስ የወረረው ወይም የሥርዓት ፋይሎቹ የጠፉበት ኮምፒውተር ሌላ መድኃኒት ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ የሚብራራው ብልሽት እንዲህ ያለ ከባድ እርምጃ የሚጠይቅ አይደለም። የተበላሸው በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ስሙም ፓዝ ይባላል።

ጉዳዩ ለተመራማሪ ተማሪ ቀላል የማይሆንበት ምክንያት አለ። ፓዝ በአብዛኛው የሚበላሸው አዲስ ሶፍትዌር ሲጫን ነው። ተማሪው ደግሞ ብዙ ሶፍትዌር የሚጭነው መረጃውን ሰብስቦ ወደ ትንተና በሚገባበት ወቅት፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉ ከነመረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለበት ጊዜ ነው። አር፣ ፓይተን፣ ጃቫ፣ ላቴክ፣ የካርታ ሥራና የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱ በገባ ማግስት ኮምፒውተሩ ትእዛዝ አልቀበል ቢልና መፍትሔው ፎርማት ቢሆን፣ የሚጠፋው ዊንዶውስ ብቻ አይሆንም።

ፓዝ ምንድን ነው?

ፓዝ በእንግሊዝኛ መንገድ ወይም ዱካ ማለት ነው። ተጠቃሚው በትእዛዝ መስኮት ላይ የአንድን ፕሮግራም ስም ብቻ ሲጽፍ፣ መስኮቱ ፕሮግራሙ በየትኛው ፎልደር እንደሚገኝ አያውቅም። ዲስኩን በሙሉም አያስስም፤ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እያንዳንዱ ትእዛዝ እጅግ በዘገየ ነበር። ስለዚህ በቅድሚያ ተጠቃሚው ያለበትን ፎልደር ያያል፤ ቀጥሎም በፓዝ መስመር ላይ የተጻፉትን ፎልደሮች በቅደም ተከተላቸው አንድ በአንድ ይመለከታል። የተፈለገውን ስም መጀመሪያ ባገኘበት ቦታ ፍለጋውን ያቆማል። መስመሩን ጨርሶ ካጣው «ይህን ትእዛዝ አላውቀውም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ያወጣል።

ነገሩ ዕቃ እንዲገዛ ለተላከ ልጅ ከሚሰጥ ምሪት ጋር ይመሳሰላል፦ «መጀመሪያ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያሉትን ሱቆች እይ፤ ካጣህ ወደ ፒያሳ ውረድ፤ እዚያም ካጣህ መርካቶ ሂድ።» ልጁ ዕቃውን ጊዮርጊስ ካገኘው የተሻለው መርካቶ ቢኖርም አይሄድም። ፓዝም እንዲሁ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አሮጌና አዲስ ፓይተን ቢኖሩ፣ የሚነሣው በመስመሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው እንጂ አዲሱ አይደለም። «አዲሱን እትም ጫንሁ፤ ግን አሮጌው ነው የሚመጣልኝ» የሚለው የተማሪዎች አቤቱታ ከዚህ ይመነጫል። ይህ የመስመር ቅደም ተከተል ጉዳይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከልጁ ይለያል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ከፈረሱ በኋላም ብዙ ሰው ዶሮ ማነቂያን አድራሻ አድርጎ መጥቀሱን አልተወም፤ ሰፈሩን የማያውቅ እንግዳ በዚያ ምሪት ቢሄድ ግራ ይጋባል። የፓዝ መስመር ላይ የፈረሰ፣ ማለትም ከዲስኩ የተሰረዘ ፎልደር ቢጻፍ ግን ፍለጋው በዝምታ ያልፈዋል። በዚህ የተነሣ ከዓመታት በፊት የተወገዱ ፕሮግራሞች አድራሻ በመስመሩ ላይ ተከማችቶ ይቀራል፤ መስመሩም ማንም ሳያውቀው ይረዝማል። ርዝመቱ ኋላ እንደምንመለከተው ጉዳት ያመጣል።

ሐሳቡ ከዊንዶውስ በፊት የነበረ ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ፓዝ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ዶስ 2.0 ውስጥ ተጠቅሞበታል። በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች ላይም ይገኛል፤ በዚያ ፎልደሮቹን የሚለያቸው የእንግሊዝኛው ኮለን ሲሆን በዊንዶውስ ሰሚኮለን ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በእጃችን በብዛት ያለው ዊንዶውስ ነው።

በዊንዶውስ ላይ ፓዝ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው። አንዱ የሥርዓቱ ሲሆን ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ያገለግላል፤ ሌላው የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ፓዝ ነው። ሁለቱም ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ በየፊናቸው ተቀምጠዋል። ተጠቃሚው ሲገባ የሥርዓቱ መስመር ቀድሞ፣ የግሉ ተከትሎ ይቀጠላሉ። ይህ ክፍፍል ለጥገና ታላቅ ጥቅም አለው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ብዙውን ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛልና።

መስመሩ እንዴት ይበላሻል?

አንድ መጫኛ ፕሮግራም በሥነ ሥርዓት ሊያደርግ የሚገባው ነባሩን መስመር ማንበብ፣ በጫፉ ላይ ሰሚኮለንና የራሱን ፎልደር መጨመር፣ ከዚያም መልሶ መጻፍ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ከእነዚህ ሦስት እርምጃዎች በአንዱ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ነባሩን ሳያነብ ወይም በትክክል ሳያነብ መጻፍ ነው። ለዚህ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ ኤንኤስአይኤስ ከሚባለው ነጻ የመጫኛ ማዘጋጃ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ መሣሪያ የሚሠራ መጫኛ፣ አዘጋጁ ሌላ ካልመረጠ በስተቀር፣ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የጽሑፍ ርዝመት 1024 ቁምፊ ነው፤ ቁምፊ ስንል ማንኛውንም ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት ማለታችን ነው። የኮምፒውተሩ ፓዝ ከዚህ በላይ ረዝሞ ከተገኘና የመጫኛው ጸሐፊ ይህን ካላሰበበት፣ የተነበበው መስመር ተቆርጦ ወይም ባዶ ሆኖ ይመጣል። መጫኛውም በባዶው ላይ የራሱን ፎልደር ጨምሮ ይጽፈዋል፤ ከዓመታት የተጠራቀመው መስመር በአንድ የፎልደር ስም ተተክቶ ይቀራል። መጫኛው ግን «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብሎ ይዘጋል። አሮጌ አድራሻዎች መስመሩን ሲያስረዝሙ ጉዳት ያመጣሉ ያልነው ለዚህ ነው፤ አዲስ የተገዛ ኮምፒውተር ላይ የማይታየው ችግር ሦስት ዓመት በሠራ ላፕቶፕ ላይ የሚታየው መጫኛው ተለውጦ ሳይሆን መስመሩ ረዝሞ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሴትኤክስ የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ነው። በርካታ የሶፍትዌር መመሪያዎች «ይህን መስመር ቀድታችሁ ለጥፉ» እያሉ በዚህ ትእዛዝ ፓዝ ላይ ፎልደር እንዲጨመር ያዛሉ። ትእዛዙ ግን ከ1024 ቁምፊ በላይ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል። ማስጠንቀቂያ ቢያሳይም ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ጽሑፉ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ የሚገኘው ፓዝ የሥርዓቱና የግሉ ተቀላቅለው የተፈጠሩት ስለሆነ፣ እርሱን መልሶ መጻፍ ሁለቱን መስመሮች አደባልቆ በአንዱ ላይ ያሰፍራቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ትእዛዝ ለሌሎች ተለዋዋጮች ጠቃሚ ሲሆን ለፓዝ ግን ፈጽሞ ሊመከር አይገባም።

ሦስተኛው ስውር ነው። በሥርዓቱ ፓዝ ላይ ያሉት መሠረታዊ አድራሻዎች ዊንዶውስ የተጫነበትን ቦታ በስም አይጠሩም፤ ሲስተምሩት የሚለውን ቃል በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል አስቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ትክክለኛውን ቦታ እንዲተካ ያደርጋሉ። ይህ እንዲሆን ግን መስመሩ በሬጂስትሪ ውስጥ «ሊተረጎም የሚችል ጽሑፍ» በሚል ዓይነት መመዝገብ አለበት። ጥንቃቄ የጎደለው መጫኛ «ተራ ጽሑፍ» አድርጎ መልሶ ከመዘገበው፣ የፐርሰንት ምልክቶቹ ሳይተረጎሙ እንዳሉ ይቀራሉ። መስመሩን ከፍቶ ለሚያይ ሰው አንድም ፊደል አልጎደለም፤ ትእዛዞቹ ግን አይሠሩም። አንድ ጠጋኝ መስመሩን አይቶ «ፓዙ ደኅና ነው» ካለ በኋላ ችግሩ ከቀጠለ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው።

ምልክቶቹና የሚያሳስቱበት መንገድ

የፓዝ ብልሽት ልዩ ጠባይ ኮምፒውተሩን አለማቆሙ ነው። ዊንዶውስ ይነሣል፤ ዴስክቶፑ ይመጣል፤ ወርድና ኤክሴል ይከፈታሉ። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሞች የሚያስፈልጓቸውን የሥርዓት ፋይሎች ከፓዝ በፊት በዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሚፈልጉ፣ የዴስክቶፕ አቋራጮችም ሙሉ አድራሻ ስለሚይዙ ነው። የሚታመመው ስም ብቻ ተጽፎለት ፕሮግራም እንዲፈልግ የሚጠበቅበት የትእዛዝ መስኮቱ፣ እንዲሁም ሌሎች ፕሮግራሞችን በስም የሚጠሩ የትንተና መሣሪያዎች ናቸው።

በጥገና ቤቶች ለሚደረገው የተሳሳተ ምርመራ ምክንያቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጠጋኙ አንድ ዊንዶውስ ታሟል ብሎ ሲጠረጥር በመጀመሪያ የሚጽፋቸው ትእዛዞች ይታወቃሉ፦ አውታረ መረቡን ለማየት አይፒኮንፊግና ፒንግ፣ የሥርዓት ፋይሎችን ለመፈተሽ ኤስኤፍሲ። ሦስቱም ሲስተም32 በሚባለው ፎልደር ውስጥ የሚኖሩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሲስተም32 ከፓዝ ላይ ከተሰረዘ ሦስቱም «አይታወቁም» የሚል መልስ ያመጣሉ። በሌላ አነጋገር ፓዝ ሲጠፋ መመርመሪያዎቹ አብረው ይሰወራሉ። ፒንግን የማያውቅ ዊንዶውስ ያየ ጠጋኝ «የሥርዓት ፋይሎቹ ጠፍተዋል» ብሎ መደምደሙ ከልምዱ አንጻር ምክንያታዊ ነው። ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም፤ ፋይሎቹ በቦታቸው አሉ።

እውነቱን ለመለየት ሁለት አጫጭር ፈተናዎች ይበቃሉ። አንደኛው ዲር የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ነው። ዲር፣ ኮፒና ኤኮ የትእዛዝ መስኮቱ በራሱ ውስጥ የያዛቸው ስለሆኑ ፓዝ አያስፈልጋቸውም። ዲር እየሠራ ፒንግ አይታወቅም ከተባለ ጥርጣሬው ወደ ፓዝ ይዞራል። ሁለተኛው ፈተና ወሳኙ ነው፦ ፒንግን ከሲ ድራይቭ ጀምሮ በዊንዶውስና በሲስተም32 ፎልደሮች በኩል በሙሉ አድራሻው መጥራት። በሙሉ አድራሻው ሲጠራ ከሠራ ፕሮግራሙ አለ፤ የጠፋው ወደ እርሱ የሚያደርሰው ምሪት ብቻ ነው።

ጊዮርጊስ አካባቢ በአንድ አነስተኛ የጥገና ቤት ይህን ሲሆን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ላፕቶፑ የአንዲት የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነበር፤ አንድ የመረጃ መተንተኛ ከተጫነ በኋላ የትእዛዝ መስኮቱ ምንም አልታዘዝ ብሏል። ጠጋኙ ፒንግንና ኤስኤፍሲን ሞክሮ ሁለቱም አልሠሩም፤ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሹንም አውጥቶ ነበር። ፒንግ በሙሉ አድራሻው ሲጠራ ግን ወዲያው መልስ ሰጠ። የሥርዓቱ ፓዝ ሲከፈት በመስመሩ ላይ የተገኘው የአዲሱ ሶፍትዌር ፎልደር ብቻውን ነበር። መሠረታዊዎቹን አድራሻዎች መልሶ ለመጻፍ ከሩብ ሰዓት በላይ አልወሰደም። ጠጋኙ ለዚህ ምን ያህል ማስከፈል እንዳለበት ሲያመነታ ነበር፤ ፎርማት የታወቀ ዋጋ አለው፣ አንድ መስመር ማረም ግን የለውም።

ይህ የዋጋ ነገር እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ፎርማት የታወቀ ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤቱም እርግጠኛ ነው፤ ደንበኛውም ሥራ እንደተሠራ በዓይኑ ያያል። ምርመራ ግን ሰዓታት ወስዶ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ደግሞ ለተገኘው እንጂ ለተፈለገው አይከፍልም። ስለዚህ ጠጋኞችን ከመውቀስ ይልቅ ተማሪው ራሱ ሁለቱን ፈተናዎች አድርጎ ቢሄድ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

መስመሩን መመለስ

የመጀመሪያው ምክር አለመቸኮል ነው። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን መስመሩን አይመልሰውም፤ እንዲያውም አንዳንድ ማስወገጃዎች የቀረውንም ይነካሉ። ኮምፒውተሩንም ወዲያው ሪስታርት ማድረግ አይገባም። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሣ የፓዝን ቅጂ ይዞ ይነሣል፤ በሬጂስትሪ ያለው ቢለወጥም በእጁ ያለው ቅጂ እስኪዘጋ ድረስ በአብዛኛው አይለወጥም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት የተከፈተና ያልተዘጋ የትእዛዝ መስኮት ካለ፣ ነባሩ መስመር በሙሉ በዚያ ውስጥ ይገኛል። ፓዝ የሚለውን ቃል ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ኢንተር ሲጫኑ መስመሩ ይወጣል፤ እርሱን ቀድቶ በኖትፓድ ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራም ለመጻፍ የሚያገለግሉ አርታኢዎች በውስጣቸው የሚይዙት የትእዛዝ መስኮትም፣ አርታኢው ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ፣ ያንኑ አሮጌ ቅጂ ይዞ ይገኛል። እዚህ የሚገኘው ሁለቱ መስመሮች የተቀላቀሉበትና የፐርሰንት ምልክቶቹ የተተረጎሙበት መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ እንዳለ አይለጠፍም፤ የግሉ ክፍል ተለይቶ ይወጣለታል።

እንዲህ ያለ መስኮት ከሌለ ሲስተም ሪስቶር ይሞከራል። ይህ አገልግሎት በርቶ ከቆየና ከመጫኑ በፊት የተመዘገበ ነጥብ ካለው፣ ሬጂስትሪውን ወደዚያ ቀን ሲመልስ የተጠቃሚውን ሰነዶች አይነካም። በዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል። በዊንዶውስ 7 ለሚሠሩ ደግሞ ሬጂስትሪው «መጨረሻ ላይ በደኅና የተነሣበትን» ሁኔታ በሁለተኛ ቅጂ ስለሚያስቀምጥ፣ ኮምፒውተሩ ከብልሽቱ በኋላ ሪስታርት ካልተደረገ አሮጌውን ፓዝ ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ መስመሩን በእጅ ማቆም ነው፤ ይህም የሚመስለውን ያህል አይከብድም። በዊንዶውስ 10 የሥርዓቱ ፓዝ መሠረት አምስት አድራሻ ነው፦ ሲስተም32፣ የዊንዶውስ ፎልደር ራሱ፣ በሲስተም32 ውስጥ ያሉት የደብሊውቤም፣ የፓወርሼልና የኦፕን ኤስኤስኤች ፎልደሮች። እነዚህ በፐርሰንት ምልክት ስለሚጻፉ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር አይለዩም። በመሆኑም ተመሳሳይ የዊንዶውስ እትም ካለው ከጓደኛ ላፕቶፕ ላይ መቅዳት ይቻላል። ማስተካከያው የሚገኘው በመጀመሪያው ዝርዝር መፈለጊያ ላይ ኢንቫይሮንመንት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ በመጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 እትሞች ፓዝ በዝርዝር መልክ፣ እያንዳንዱ አድራሻ በየራሱ ረድፍ ላይ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ሰሚኮለን የመርሳት ስሕተት ቀርቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ግን ሙሉው መስመር በአንዲት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ስለሚታይ ወደ ኖትፓድ አውጥቶ፣ አርሞ መመለስ ይሻላል።

መሠረቱ ከቆመ በኋላ የተቀሩት ፕሮግራሞች እንዳስፈላጊነታቸው ይመለሳሉ። እያንዳንዱን ከመጨመር በፊት ፎልደሩ በዲስኩ ላይ መኖሩን ማየት ነው፤ አጋጣሚው የፈረሱ አድራሻዎችን ለማስወገድም ያገለግላል። እርማቱን ለመፈተሽ አዲስ የትእዛዝ መስኮት መክፈት ግድ ነው፤ አሮጌው አሮጌውን ቅጂ እንደያዘ ነውና። ዌር የሚባለው ትእዛዝ ከፕሮግራም ስም ጋር ሲጻፍ ያ ስም በፓዝ ላይ በየትኞቹ ፎልደሮች እንደተገኘ በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ሁለት ፓይተን ያለበት ሰው የትኛው እንደሚቀድም በዚህ ያውቃል። በዚህ ዝርዝር ላይ ተማሪዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 እትሞች ፓይተን ሳይጫን ስሙ ቢጻፍ የማይክሮሶፍት የሶፍትዌር መደብር ይከፈታል፤ ይህ ቫይረስ ወይም የፓዝ ብልሽት ሳይሆን ማይክሮሶፍት በተጠቃሚው ፓዝ በኩል ያስቀመጠው አቋራጭ ነው።

የግእዝ ፊደል የሚያመጣው ተጨማሪ ጉዳይ

እስካሁን የተባለው በየትም አገር የሚሠራ ነው። በእኛ ኮምፒውተሮች ላይ ግን የውጭ መመሪያዎች የማይጠቅሷቸው ሁለት ምክንያቶች ይታከላሉ።

የመጀመሪያው የምልክት ጉዳይ ነው። ፓዝ በእጅ ሲታረም የአማርኛ መጻፊያው ሳይጠፋ ከቀረ፣ በአንዳንድ መጻፊያዎች የሰሚኮለን ቁልፍ ሲነካ የሚወጣው የእኛው ድርብ ሰረዝ ነው። ለዓይን ሁለቱ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ለዊንዶውስ ግን ድርብ ሰረዝ እንደማንኛውም ፊደል የፎልደር ስም አካል እንጂ መለያ አይደለም። በመሆኑም በምልክቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አድራሻዎች ተጣብቀው አንድ የሌለ ፎልደር ይሆናሉ፤ ፍለጋውም በዝምታ ያልፋቸዋል። አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቀ በሚጽፍ ሰው ኮምፒውተር ላይ በሚገባ ተጽፎ የማይሠራ መስመር ሲገጥም፣ ምልክቶቹን አጥፍቶ በእንግሊዝኛ መጻፊያ እንደገና መጻፍ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የተጠቃሚ ስም ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ከተሰጠ፣ የግል ፎልደሩም በግእዝ ፊደል ይሰየማል። ዊንዶውስ ራሱ በዚህ አይቸገርም፤ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታም ኒያላ የሚባል ቅርጸ ፊደል ይዞ መጥቷል። ችግሩ ያለው ዩኒኮድን በማይጠቀሙ ፕሮግራሞች ላይ ነው። እነዚህ ለእያንዳንዱ ቋንቋ በተዘጋጀ የቆየ የኮድ ገጽ ይሠራሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ለአማርኛ እንዲህ ያለ ገጽ የለም። ስለዚህ የግእዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ ሲያነቡ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተኩታል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ ላይ በፎልደር ስም ውስጥ እንዲገባ ከማይፈቀዱት ምልክቶች አንዱ ነው፤ አድራሻው በፓዝ ላይ በትክክል ቢጻፍም ያ ፕሮግራም ፈጽሞ ሊደርስበት አይችልም።

በዚህ ጊዜ በኮንትሮል ፓነል ስሙን መለወጥ አይጠቅምም፤ የሚለወጠው በመግቢያው ላይ የሚታየው ስም እንጂ ፎልደሩ አይደለም። የሚጠቅመው ሶፍትዌሩን ከግል ፎልደሩ ውጭ፣ በቀጥታ በሲ ድራይቭ ሥር በእንግሊዝኛ በተሰየመ አጭር ፎልደር ውስጥ መጫን፣ ወይም በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየመ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠር ነው። በራሳችን ፊደል ስማችንን መጻፍ የኮምፒውተር ችግር ሆኖ መገኘቱ ያስቆጫል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በቀረበበት ሰሞን ግን ትግሉን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል።

ፎርማት የሚያስከፍለው

«የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው፤ ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚለው የጥገና ቤቶች ማረጋገጫ እውነት ነው፤ ተጠቃሚው የማያስተውለው ግን ዴስክቶፕና ዶክዩመንት የሚባሉት ፎልደሮች፣ ሆን ተብሎ ካልተዛወሩ በስተቀር፣ ሲ ላይ መሆናቸውን ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚሠራበትን ምዕራፍ የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው።

ጉዳቱ ከተማሪም ያልፋል። በፒያሳና በጊዮርጊስ ዙሪያ ያሉ አነስተኛ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በብዛት የሚይዙት በፒችትሪ ነው። ይህ ሶፍትዌር በቅርብ እትሞቹ ፐርቫሲቭ በሚባል የመረጃ ቋት ሞተር ላይ ይቆማል፤ ፐርቫሲቭም ሲጫን የራሱን ፎልደር በፓዝ ላይ ያስገባል። ሌላ ሶፍትዌር መጥቶ ፓዙን ቢያጠፋው ፒችትሪ ከመረጃ ቋቱ ጋር መገናኘት ሊያቅተው ይችላል፤ ባለቤቱ የሚያየው ግን «ፒችትሪ ተበላሸ» የሚለውን ብቻ ነው። የድርጅቱ የሒሳብ መረጃ በተለመደው አጫጫን ሲ ድራይቭ ላይ ይቀመጣል። ምትኬ ሳይወሰድ ፎርማት ከተደረገ፣ ለግብር ማስታወቂያ የሚያስፈልገው የዓመቱ መዝገብ አብሮ ይሄዳል፤ አንድ መስመር ባለመታረሙ።

ከመጫን በፊት የሚወሰደው ጥንቃቄ አጭር ነው። ፓዝ የሚለውን ቃል በትእዛዝ መስኮት ላይ ጽፎ የሚወጣውን መስመር በአንድ የኖትፓድ ፋይል ማስቀመጥ፣ ከዚያም ፋይሉን በኢሜይል ለራስ መላክ ወይም በፍላሽ መያዝ። የሥርዓቱንና የግሉን ለይቶ፣ የፐርሰንት ምልክቶቹንም ሳይተረጎሙ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ በሬጂስትሪ ውስጥ ኢንቫይሮንመንት የሚለውን ቁልፍ ከሁለቱም ቦታ ኤክስፖርት ማድረግ ይችላል፤ በዚህ መንገድ የተቀመጠ ፋይል ሁለቴ ሲጫኑት መስመሩን ከነዓይነቱ ይመልሰዋል። መጫኛው «ወደ ፓዝ ልጨምር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሶፍትዌሩ ከትእዛዝ መስኮት የማይጠራ ከሆነ አለመፍቀድ ይቻላል። የፓይተን መጫኛ ይህን ሣጥን ሳይመረጥ ያቀርበዋል፤ ፓዝ ላይ ሳይገባም ፓይ በተባለው አጭር ማስነሻ ሊጠራ ይችላል። ማስነሻው ለሁሉም ተጠቃሚ ሲጫን የሚቀመጠው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ለእርሱ ተብሎ በመስመሩ ላይ የሚጨመር አዲስ አድራሻ የለም።